የሞተር ሳይክል ፊልትሮና አዋጅ ቁጥር 300

የሕግ ሰው ስለ ሞተር ሳይክል ፊልትሮ ምን አግብቶት ይጽፋል የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የግብርናውም ሆነ የጤናው ባለሙያ ከወረዳው ከተማ ወጥቶ ገጠር ቀበሌ ድረስ የሚዘልቀው በአብዛኛው በሞተር ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰውን ዋና መንገድ ለቀው ወደ ቀበሌዎቹ ሲገቡ በጋው አቧራ፣ ክረምቱ ጭቃ ነው። ሁለቱም የዘይትን ዕድሜ ያሳጥራሉ። ስለዚህ ዘይትና ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ የወጣውም መሬት ላይ ይፈሳል። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ሣር እንኳ የማያበቅል ጥቁር መሬት አይቻለሁ። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሴቶች ውኃ የሚቀዱበት ምንጭ ነበር።

በቅድሚያ የሞተሩን ዓይነት ማወቅ ይገባል። ለብዙ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ ያየነው ያማሃ ኤጂ 100 ቱ ስትሮክ የሚባለው ዓይነት በመሆኑ የሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። የሚቀየርለት የካምቢዮ ዘይት ነው፤ የዘይት ፊልትሮ የለውም። ሆንዳ ሲጂ 125ም ቢሆን ታጥቦ የሚመለስ ወንፊት እንጂ የወረቀት ፊልትሮ የለውም። የሚከተለው ፊልትሮ ላላቸው ነው።

ነፋስ መውጫን በመሰለ ደጋ ጠዋት ጠዋት ዘይቱ እንደ ማር ይወፍራል። ሞተሩን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት በቂ ነው፤ እጅ እስኪያቃጥል መጠበቅ አያስፈልግም። ከዚያ ሞተሩን ቀጥ አድርገው ያቁሙ፣ በማፍሰሻው ቡሎንና በፊልትሮው ክዳን ዙሪያ ያለውን ጭቃ ይጥረጉ፣ ጎኑ የተቀደደ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከሥር ያስተኙ።

ዘይት የሚረጨው አብዛኛውን ጊዜ ቡሎኑ በሚወጣባት ቅጽበት ነው። ቡሎኑን በመፍቻ ካላሉ በኋላ በጣትዎ ወደ ውስጥ እየገፉ ይፍቱት፤ ጥርሱ ማለቁ ሲሰማዎት ባንድ ጊዜ ወደ ጎን ይንጠቁት። የላይኛውን የመሙያ ክዳን ለጊዜው አይክፈቱ፤ አየር ሲያጣ ዘይቱ ረጋ ብሎ ይወርዳል። ጅረቱ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ይወረወራል፣ ሲደክም ወደ ቡሎኑ ቀዳዳ ይጠጋል፤ ጀሪካኑም አብሮት መንቀሳቀስ አለበት። ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችምና ጅረቱ ሲቀጥን ነፋሱ ወደ ኋላ ጎማ እንዳይወስደው ከለላ ያብጁ። ዘይት የነካው ጎማ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያደርግ መንገር አያሻኝም።

ፊልትሮውን ለመክፈት አይቸኩሉ፤ ዋናው ዘይት 10 ደቂቃ ያህል ይንጠፍጠፍ። ከዚያ አንድ ካርቶን እንደ አሸንዳ አጥፈው ከክዳኑ ሥር ያስገቡ፤ አለበለዚያ የቀረው ዘይት ትኩስ የጭስ ማውጫ ላይ ይወርዳል። የክዳኑን ቡሎኖች ሁሉንም በትንሹ ብቻ ያላሉና በታች በኩል አንጠባጥቦ እስኪጨርስ ይጠብቁ። አሮጌው ፊልትሮ በየትኛው ፊቱ እንደገባ አይተው ያውጡት፤ አዲሱ ተገልብጦ ከገባ ዘይት ወደ ሞተሩ በወጉ ላይደርስ ይችላል። ኦሪንጉን አዲስ ዘይት ቀብተው ይመልሱ። ቡሎኖቹን በጉልበት አይጥበቁ፤ ሞተሩ አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ከተበላ ደግሞ ቶርኖ ቤት ፍለጋ መሄድ ይመጣል። የሚሞላው ዘይት ጃሶ ኤምኤ የሚል ጽሑፍ ይኑረው። በአብዛኞቹ ሞተሮች ፍሪሲዮኑም የሚሠራው በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሆነ፣ ለመኪና ተብሎ የተሠራ አንዳንድ ዘይት ያንሸራትተዋል። ሞልተው፣ ለ1 ደቂቃ አስነሥተው ካጠፉ በኋላ መጠኑን እንደገና ይለኩ።

አሁን ጀሪካኑ ውስጥ 1 ሊትር ገደማ ጥቁር ዘይት አለ። የእኔም ነገር እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከአንድ መኪና የዘይት ቅያሪ የሚወጣው 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል ይችላል ይላል። የሞተር ሳይክሉ ከዚያ ያንሳል እንጂ ከንቱ አይደለም። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ የታች ጋይንትና የስማዳ ውኃ ደግሞ ወደ በሽሎና ዓባይ። እላይ የፈሰሰ እታች ይጠጣል።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ከሁሉ የምወድለት ግን አንቀጽ 11ን ነው፦ አቤቱታ ለማቅረብ የግል ጥቅምን ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያች ምንጭ የምትቀዳው ሴት ቀርቶ አላፊ አግዳሚው ማመልከት ይችላል። አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090/2010ም ተጨምሯል።

ሆኖም ለአንድ ሊትር ዘይት ፍርድ ቤት ደጅ የሚጠና የለም፤ እኔም አልመክርም። ዘይቱን የሚያወጣው ንብረት ክፍል ነውና ከዚያው ይጀመር። ንብረት ክፍሉ አዲሱን ሊትር በሞዴል 22 ወጪ ሲያደርግ አሮጌውን ዘይት በክዳን ባለው ጀሪካን፣ አሮጌውን ፊልትሮ ከነላስቲኩ ይረከብ። ባለሙያው አሮጌውን ሳያስረክብ አዲሱን አይውሰድ። ጀሪካኖቹ ሲሞሉ ወደ ዞን በሚሄደው መኪና ተጭነው፣ የተቃጠለ ዘይት ለሚያጠራቅም ጋራዥ ይሰጡ። ለዚህ አዲስ መመሪያ አያስፈልግም፤ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አንድ ዓምድ ማስመር ነው የሚጠበቅበት።