በላይም ሬጂስ ባሕር ዳር ገደሉ ስለ ገለጣቸው የጥንት ፍጥረታት

በእንግሊዝ አገር በስተ ደቡብ፥ በዶርሴት አውራጃ፥ ላይም ሬጂስ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ አለች። ሬጂስ ማለት በላቲን ቋንቋ የንጉሥ ማለት ነው፤ ይህም ስም የተጨመረላት ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1284 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) የከተማነት መብት ስለ ሰጣት ነው። ኮብ ከሚባለው ከወደቧ ግንብ በስተ ምዕራብ ባለው ዳርቻ የሞንማውዝ መስፍን በ1685 በንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ላይ ሊነሣ ከመርከብ ወረደ፤ በዚያው ዓመትም ድል ሆኖ ተሠየፈ።

ከከተማይቱ ተነሥቶ በባሕሩ ዳር ወደ ምሥራቅ እስከ ቻርማውዝ መንደር የሚደረገው የእግር ጉዞ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ አጭር ቢሆንም አገሩን የሚያውቅ መሪ ያስፈልገዋል። ስለ ምን ቢሉ፥ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ በሞላ ጊዜ ውኃው እስከ ገደሉ ግርጌ ስለሚደርስ መንገደኛው በውኃና በገደል መካከል ተይዞ መውጫ ያጣል። ስለዚህ መሪው የባሕሩን ሰዓት አስቀድሞ ተመልክቶ፥ ውኃው በመጉደል ላይ ሳለ ሰዎቹን ይዞ ይወጣል፤ ከገደሉም አርቆ ያስኬዳቸዋል።

በገደሉ ግርጌ ግራጫ የኖራ ድንጋይና ጥቍር የጭቃ ድንጋይ እንደ ግንብ ድርድር ተፈራርቀው ይታያሉ። ይህ ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በባሕር ወለል ላይ የረጋ ደለል ነው። በዚያ ባሕር የሞቱት እንስሳት በጭቃው ተቀብረው አጥንታቸውና ቅርፊታቸው ወደ ድንጋይነት ተለወጠ። ከሁሉ የሚበዛው አሞናይት የሚባለው ነው፤ እርሱም እንደ አውራ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ስለ ሆነ፥ የበግ ቀንድ ካለው ከግብጻውያን ጣዖት ከአሞን ስም ወጣለት። ከጭቃው ድንጋይ በላይ ደግሞ ብዙ ዘመን ቈይቶ የተከመረ ቢጫ አሸዋ አለ።

ዝናብ በዘነመ ጊዜ ውኃው በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ያልፋል፤ ከጭቃው ሲደርስ ግን ማለፍ ስለማይችል በዚያ ይጠራቀማል። ጭቃውም ርሶ ይላላል፥ በላዩ ያለውም ይንሸራተታል፤ ባሕሩም ከታች ግርጌውን ይበላዋል። በ1839 በልደት በዓል ሰሞን ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ ሰፊ የእርሻ መሬት ተሰንጥቆ ወደ ባሕር ተንሸራተተ፤ በላዩ የበቀለውም ስንዴ በሚመጣው ክረምት ሕዝብ እያየ ታጨደ። በ2008 በግንቦት ወር ደግሞ በላይም ሬጂስና በቻርማውዝ መካከል 400 ሜትር ያህል የገደሉ ወገን ተናደ። አጥንት ለሚፈልጉ ሰዎች ግን ይኸው ናዳ አዝመራቸው ነው፤ ገደሉ ባይናድ ኖሮ በውስጡ ያለውን ማንም ባላየው ነበር።

ይህን ከሁሉ በላይ ያወቀች ሜሪ አኒንግ ናት። በ1799 በዚያች ከተማ ተወለደች። አባቷ አናጢ ነበረ፤ ከባሕር ዳር የለቀመውንም ለእንግዶች ይሸጥ ነበር። በ1810 ዕዳ ትቶ ሞተ። በማግሥቱ ዓመት ወንድሟ ዮሴፍ የአንድ ትልቅ እንስሳ ራስ አገኘ፤ እርሷም ገና ልጅ ሳለች የቀረውን አካል አገኘች። ይህም ኢክትዮሳውር የሚባለው፥ ዓሣ የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው። በ1823 አንገቱ እጅግ የረዘመውን ፕሌሲዮሳውር ባገኘች ጊዜ፥ ታላቁ የፈረንሳይ ሊቅ ኩቪዬ ሐሰት እንዳይሆን ተጠራጠረ፤ በኋላ ግን እውነት መሆኑን አመነ። በ1833 አብሯት የሚሄደው ውሻዋ በናዳ ተቀብሮ ሞተ፤ እርሷ ለጥቂት ተረፈች። ሊቃውንቱ ከእርሷ እየገዙ መጻሕፍት ሲጽፉ የእርሷን ስም ብዙ ጊዜ አላነሡም፤ የለንደን የምድር ጥናት ማኅበርም ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1919፥ እርሷ ከሞተች ከ72 ዓመት በኋላ ነው። ይህ ለማኅበሩ የሚያስመሰግን አይደለም።

የጥንት ባሕር ደለል በኢትዮጵያም አለ። በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የመጣው የምድር ተመራማሪ ዊልያም ብላንፈርድ በትግራይ ያየውን የኖራ ድንጋይ በእንጣሎ ስም ሰየመው። ዕድሜው ከላይም ሬጂሱ ያነሰ ነው፤ በዓባይ ሸለቆም፥ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ይታያል። በዚያ የሚያልፍ መምህር ተማሪዎቹን ከገደሉ አርቆ፥ ከላይ በወደቀው ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎል ቅርጽ ሊያስፈልጋቸው ይችላል።