በቤታችን ኔትወርክ ፋይል ለምን ይንቀራፈፋል?

50 ጊጋባይት የሚሆን የሠርግ ቪዲዮ ከላፕቶፕ ወደ ቤት ፋይል ሰርቨር ሲገለበጥ በአንዱ ቤት ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፤ በሌላው ቤት ግን ከአንድ ሰዓት ከሩብ በላይ ይፈጃል። ላፕቶፑም፣ ሰርቨሩም፣ ዲስኩም በሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሁሉ ልዩነት ለመፍጠር አንድ በቅጡ ያልተገጠመ የኬብል ሽቦ ብቻ ይበቃል።

ብዙ ሰው ዝውውሩ ሲዘገይበት ቀድሞ የሚመጣለት ሐሳብ የኢንተርኔት ጥቅሉን ከፍ ማድረግ ነው። ያ ገንዘብ ለዚህ ችግር ምንም አይፈይድም። ከላፕቶፕ ተነሥቶ በሚቀጥለው ክፍል ወዳለው ሰርቨር የሚሄድ ፋይል ከቤት አይወጣም፤ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ቢቋረጥ እንኳ ዝውውሩ በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል። ፍጥነቱን የሚወስኑት ቤት ውስጥ ያሉት ዕቃዎች ናቸው፦ የላኪው ዲስክ፣ የኔትወርክ ካርዱ፣ ኬብሉ ወይም ዋይፋዩ፣ ስዊቹ ወይም ራውተሩ፣ የሰርቨሩ ፕሮሰሰር፣ በመጨረሻም የሰርቨሩ ዲስክ። ፋይሉ በሁሉም ውስጥ ያልፋል፤ ከመካከላቸው እጅግ ቀርፋፋው ከሚችለው በላይም ሊፈጥን አይችልም። ማነቆው የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የሚገዛ ዕቃ በከንቱ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ማነቆውን ለማግኘት ደግሞ መነሻው አንድ ቁጥር በትክክል ማንበብ ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ፋይል በሚገለበጥበት ጊዜ ኮምፒውተሩ በሰከንድ ስንት ሜጋባይት እያለፈ እንደሆነ ያሳያል። የኔትወርክ ዕቃዎች ግን ፍጥነታቸው የሚጻፈው በቢት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ካርቶኑ ላይ 1 ጊጋቢት የሚል ስዊች በሰከንድ የሚያሳልፈው ቢበዛ 125 ሜጋባይት ነው። በመስመሩ ላይ የሚጓዘው እያንዳንዱ ፓኬት ደግሞ ከፋይሉ ቁራጭ ሌላ የላኪና የተቀባይ አድራሻ፣ ተራ ቁጥርና የስሕተት መፈተሻ ይሸከማል። ይህ ሲቀነስ ለፋይሉ የሚተርፈው ከ110 እስከ 118 ሜጋባይት አካባቢ ነው።

እንግዲህ የሚታየው ቁጥር ከ110 በላይ ከሆነ ጊጋቢቱ መስመር የሚችለውን ሁሉ እየሠራ ነው፤ የሚጠገን ነገር የለም። ቁጥሩ 11 ወይም 12 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ መስመሩ በ100 ሜጋቢት እየሠራ ነው ማለት ነው። 30 እና 40 መካከል ከቆመ፣ ሰርቨሩ ላይ የተሰካውን ውጫዊ ዲስክ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የዩኤስቢ 2.0 መስመር 480 ሜጋቢት ይባል እንጂ በተግባር ከዚህ ብዙም አያልፍም። ቁጥሩ በፍጥነት ጀምሮ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የሚያሽቆለቁል ከሆነ፣ መጀመሪያ የታየው ፋይሉን በሜሞሪ ላይ የማጠራቀም ፍጥነት ነው፤ ኋላ የመጣው ግን የዲስኩ ትክክለኛ አቅም ነው። ከፍ ዝቅ እያለ አልረጋ ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ዋይፋይ ነው።

ጥርጣሬውን የሚያረጋግጥ ነጻ ፕሮግራምም አለ፤ አይፐርፍ 3 ይባላል። በሁለቱ ኮምፒውተሮች ላይ ሲከፈት ከአንዱ ሜሞሪ ወደ ሌላው ሜሞሪ ዳታ ይልካል፤ ዲስክ የሚባል ነገር አይነካም። ውጤቱ 940 ሜጋቢት አካባቢ ከሆነ የጊጋቢት ኔትወርኩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከዲስኩ ወይም ከሰርቨሩ በኩል ይፈለጋል። ውጤቱ ዝቅ ካለ ዲስኩን ትቶ ወደ ኬብሉ መሄድ ነው።

ስምንቱ ሽቦዎች

የኔትወርክ ኬብልን ጫፍ ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው ቢመለከቱ፣ በመስታወት መሰሉ ፕላስቲክ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ተደርድረው ይታያሉ። ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጠመዘዙ ናቸው፦ ብርቱካናማው ከነጓደኛው፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊውና ቡናማው እንዲሁ። ጥምዘዛው ለውበት አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ሁለቱን ሽቦዎች እኩል እንዲነካቸው ያደርጋል። ተቀባዩ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ስለሆነ እኩል የገባው ረብሻ ተሰራርዞ ይጠፋል።

የ100 ሜጋቢት ኤተርኔት ከእነዚህ ውስጥ የሚጠቀመው በሁለት ጥንድ ብቻ ነው፤ በአንዱ ይልካል፣ በሌላው ይቀበላል። ጊጋቢት ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፤ በእያንዳንዱም ጥንድ በአንድ ጊዜ ይልካልም ይቀበላልም። ሰማያዊው ወይም ቡናማው ሽቦ በእግር ሲረገጥ ወይም በበር ሲጨፈለቅ ከተበጠሰ፣ ወይም ጫፉ ሲገጠም ከብረቱ ጥርስ ጋር በደንብ ካልተነካካ፣ ካርዶቹ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 100 ሜጋቢት ወርደው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። መስመሩ አልተቋረጠምና ማንም አያስተውልም፤ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ ቪዲዮ ይታያል። ትልቅ ፋይል ሲላክ ብቻ 11 የሚለው ቁጥር ይወጣል።

ኮምፒውተሩ የኔትወርክ ማስተካከያ ገጽ ላይ መስመሩ በ100 ወይም በ1000 ሜጋቢት መገናኘቱን ስለሚጽፍ ይህን ማረጋገጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። 100 ካለ ሌላ ኬብል መሞከር ነው። ካት 5ኢ ተብሎ የተጻፈበት ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ጊጋቢት ይሸከማል፤ ለዚህ ፍጥነት ከእሱ የሚበልጥ መግዛት አያስፈልግም። ኬብሉ ተቀይሮም ካልተለወጠ ራውተሩን ማየት ተገቢ ነው፤ ከርካሾቹ ራውተሮች ብዙዎቹ የኬብል ፖርታቸው 100 ሜጋቢት ነው። ራውተሩን መጣልም አያስፈልግም። አነስተኛ የጊጋቢት ስዊች ገዝቶ ላፕቶፑንም ሰርቨሩንም እዚያ ላይ መሰካትና ስዊቹን ከራውተሩ ጋር በአንድ ኬብል ማገናኘት ይበቃል። ፋይሉ በስዊቹ ብቻ አልፎ ይሄዳል፤ ራውተሩን አይነካም።

ዋይፋይና የብሎኬት ግድግዳ

በኬብል ላይ መላክና መቀበል ጎን ለጎን ይካሄዳሉ። በዋይፋይ ግን በአንድ የሬዲዮ ቻናል ላይ በአንድ ቅጽበት የሚናገረው አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ስልኮች፣ ላፕቶፖችና ቴሌቪዥኖች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ራውተሩ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ለፋይል ሳይደርስ ብዙው ይቀንሳል። ሰርቨሩ ራሱ በዋይፋይ የተገናኘ ከሆነ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከላፕቶፕ ወደ ራውተር፣ ከራውተር ወደ ሰርቨር በዚያው አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይጓዛል፣ ፍጥነቱም በግማሽ ይወርዳል። ላፕቶፑን በኬብል ማሰር የማይመች ከሆነ ቢያንስ ከቦታው የማይንቀሳቀሰውን ሰርቨር በኬብል ማገናኘት ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ከ2.4 ጊጋኸርዙ የበለጠ ዳታ ይሸከማል፤ ነገር ግን በግድግዳ ሲያልፍ ይበልጥ ይዳከማል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደምናያቸው የብሎኬትና የብረት ኮንክሪት ቤቶች ባሉበት፣ ሁለት ግድግዳ ተሻግሮ የሚደርሰው ሞገድ የቀጠነ ነው። ራውተሩን ወደ መካከለኛው ክፍል፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ማዛወር ምንም ወጪ የለውም።

ዲስኩና ብዙዎቹ ትናንሽ ፋይሎች

ኔትወርኩ ተስተካክሎም ዝውውሩ የሚያዘግም ከሆነ ተራው የዲስኩ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 120 ዙር ይዞራል፤ አንድ ዙር ከ8 ሚሊሰከንድ ጥቂት ይበልጣል። የተፈለገው ቦታ ከንባብ ጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ ጭንቅላቱ ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር ለመድረስ ደግሞ 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ተደምሮ ከ12 ሚሊሰከንድ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ ተከታትሎ የተጻፈ አንድ ትልቅ ፋይልን በሰከንድ 150 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ሊያነብ ይችላል፤ እዚህና እዚያ የተበተኑ ቁርጥራጮችን ሲያነብ ግን በሰከንድ 80 ያህል ቦታ ብቻ ነው የሚደርሰው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ መጠበቅ አይነካውም።

ኔትወርኩም ለትናንሽ ፋይሎች የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። ለእያንዳንዱ ፋይል ላፕቶፑና ሰርቨሩ መልእክት ይለዋወጣሉ፦ ፋይሉን ፍጠር፣ ተፈጥሯል፤ ይህን ጻፍ፣ ተጽፏል፤ ቀኑን መዝግብ፣ ተመዝግቧል፤ ዝጋ፣ ተዘግቷል። አንድ ኩንታል ጤፍ በጆንያ ጭኖ መውሰድና በስኒ እየሰፈሩ ማመላለስ እኩል እንደማያደክሙ ሁሉ፣ 2 ጊጋባይት በአንድ ፋይልና 2 ጊጋባይት በ20,000 ፋይሎች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በጤነኛ የጊጋቢት መስመር ከ20 ሰከንድ በታች ያልቃል። ለሁለተኛው ግን በእያንዳንዱ ፋይል 20 ሚሊሰከንድ ብቻ ይባክናል ብንል እንኳ ብክነቱ ብቻውን ስድስት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። መፍትሔው ፎልደሩን በዚፕ ወይም በታር ወደ አንድ ፋይል ጠቅልሎ መላክ ነው፤ ፎቶና ቪዲዮ ቀድሞውንም የታመቁ ስለሆኑ ሳይታመቅ መጠቅለሉ ይበቃል።

በየሳምንቱ ያንኑ ፎልደር ለሚገለብጡ ደግሞ የሚሻል መንገድ አለ። አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጀል ከፖል ማከራስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው አርሲንክ የሚባል ፕሮግራም በሁለቱ ወገን ያሉትን ፋይሎች አነጻጽሮ የተለወጠውን ብቻ ይልካል። ትሪጀል ዛሬ በብዙ የቤት ሰርቨሮች ውስጥ የሚሠራውን ሳምባን የጀመረ ሰው ነው። ሳምባ የሚናገረው ኤስኤምቢ የተባለውን የፋይል መጋሪያ ቋንቋ ነው፤ የዚህ ቋንቋ የመጀመሪያው እትም አንድ ነገር ጠይቆ መልስ እስኪመጣ የሚጠብቅ፣ ዝግተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ ቫይረስ የተሰራጨውም በዚሁ እትም ቀዳዳ ነው። ሰርቨሩ 2 ወይም 3 የሚሉትን እትሞች ብቻ እንዲጠቀም ማድረግ ፍጥነትንም ደኅንነትንም ያስገኛል።

ከጊጋቢት በላይ መሄድ

ብዙ ጊዜ ከሚመከሩት ማሻሻያዎች አንዱ የፓኬቱን መጠን ከ1500 ባይት ወደ 9000 ማሳደግ ነው። ስሌቱ የሚያሳየው ግን በጊጋቢት መስመር ላይ የሚገኘው ትርፍ ከመቶ 4 ያህል ብቻ መሆኑን ነው። በዚያ ላይ በመንገዱ ያሉ ዕቃዎች ሁሉ ካልተስማሙበት ዝውውሩ ጭራሽ ሊቆም ይችላል። ለአብዛኛው ቤት ድካሙን የሚክስ አይደለም።

እውነተኛው ዕድገት ያለው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የ2.5 ጊጋቢት ደረጃ ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ካት 5ኢ ኬብል ሳይነካ፣ ካርዶቹንና ስዊቹን ብቻ በመቀየር ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል፤ በሰከንድ 280 ሜጋባይት አካባቢ ማለት ነው። ይህ ከአንድ ተራ ሃርድ ዲስክ አቅም በላይ ስለሆነ የሚጠቅመው ሰርቨሩ ኤስኤስዲ ወይም አብረው የሚሠሩ በርካታ ዲስኮች ሲኖሩት ነው።

አንድ ማሻሻያ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሰርቨሩ ዳታውን ዲስክ ላይ ሳይጽፍ፣ ሜሞሪው ውስጥ እንደገባ ደርሶኛል ብሎ እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል፤ ፍጥነቱም ወዲያው ይጨምራል። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ደርሷል የተባለው ፋይል የትም የለም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ዩፒኤስ ሳይኖር ይህን ቅንብር ማብራት አይገባም። ኬብሉን፣ ስዊቹን፣ ዲስኩን አስተካክሎ የሚገኘው ፍጥነት ምንም አያሳጣም፤ ከዚህ የሚገኘው ግን በፋይሉ ደኅንነት የሚከፈል ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ለማትረፍ ደግሞ ያን ያህል መክፈል አያዋጣም።