ቀዶ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ያሉት ሠላሳ ቀናት

በገጠርም ሆነ በከተማ አንድ ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲገባ የቤተሰቡ ዐይን የሚያርፈው በቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ላይ ነው። በሩ ተከፍቶ “በሰላም ወጥቷል” የሚል ቃል ሲሰማ ጭንቀቱ ይቀላል፤ ዘመድ አዝማድ ወደየቤቱ ይመለሳል፣ አስታማሚውም ወደ ስንቁ ያስባል። በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች የሚያመለክቱት ግን ሌላ ነው። በአፍሪካ ከቀዶ ሕክምና ጋር ተያይዞ የሚደርሰው ሞት በአብዛኛው የሚከሰተው በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2018 “ላንሴት” በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመው የአፍሪካ የቀዶ ሕክምና ውጤቶች ጥናት ነው። ጥናቱ በ25 የአፍሪካ ሀገራት በሚገኙ 247 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ11 ሺህ በላይ ታካሚዎች ተከታትሏል። ከታካሚዎቹ 18 ነጥብ 2 በመቶ የሚሆኑት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የጤና እክል ገጥሟቸዋል። ሕይወታቸው ካለፈው 239 ታካሚዎች መካከል 225ቱ የሞቱት ቀዶ ሕክምናው ከተካሄደበት ዕለት በኋላ ነው። ታካሚዎቹ በአብዛኛው በወጣትነት ዕድሜ ላይ የሚገኙ፣ ተጓዳኝ ሕመማቸውም አነስተኛ የሆነ ነበሩ፤ እንዲያም ሆኖ የመሞት ዕድላቸው ከዓለም አማካይ በእጥፍ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ከእክሎቹ ሁሉ በብዛት የታየው ኢንፌክሽን ነው። ኢንፌክሽን ከያዛቸው ታካሚዎች ውስጥ ከመቶው ዐሥር የሚጠጉት ሕይወታቸውን አጥተዋል።

የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን በተለምዶ “ቁስሉ አመረቀዘ” የሚባለው ነው። ቆዳ ለሰውነት እንደ አጥር የሚያገለግል ሲሆን ምላጭ ሲያርፍበት አጥሩ ለጊዜው ይከፈታል። በቆዳ ላይ፣ በአፍንጫ ውስጥና በአንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በዚያ ክፍተት ገብተው ሊራቡ ይችላሉ። ምርቀዛው ከቆዳ ሥር ብቻ ሊቀር፣ ወደ ጡንቻ ሊዘልቅ፣ ከዚያም አልፎ በሆድ ዕቃ ውስጥ መግል ሊቋጥር ይችላል። ወደ ደም ከተሰራጨ ግን ጉዳዩ የቁስል ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ ኩላሊትን፣ ሳንባንና ልብን የሚያውክ የሕይወት አደጋ ይሆናል።

የጤና ባለሙያዎች ምርቀዛው ከቀዶ ሕክምናው ጋር የተያያዘ ነው ብለው የሚቆጥሩት በ30 ቀናት ውስጥ ከታየ ነው። ለተሰበረ አጥንት ብረት እንደማስገባት ያለ ባዕድ ነገር በሰውነት ውስጥ ከተተወ ደግሞ ክትትሉ እስከ 90 ቀናት ይዘልቃል። የቁጥሩ ትርጉም ለታካሚው ቀላል አይደለም። የቀዶ ሕክምና ታካሚ ብዙውን ጊዜ በሆስፒታል የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው፤ የቁስል ምርቀዛ በብዛት የሚታየው ግን ከአምስተኛው ቀን ወዲህ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ቀድሞ የሚያየው ሐኪሙ ሳይሆን እናት፣ ሚስት፣ ባል ወይም ልጅ ነው።

ሸክሙ በሁሉም ሀገር እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነና በ66 ሀገራት በ343 ሆስፒታሎች የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 12 ሺህ 539 ታካሚዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት፣ የሰብአዊ ልማት ደረጃቸው ከፍተኛ በሆኑ ሀገራት ቁስላቸው ያመረቀዘባቸው 9 ነጥብ 4 በመቶ ሲሆኑ ደረጃቸው ዝቅተኛ በሆኑት ግን 23 ነጥብ 2 በመቶ መድረሳቸውን አመልክቷል። ከአራቱ ወደ አንዱ የተጠጋ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በአፍሪካ በቀዶ ሕክምና ከሚወልዱ እናቶች እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት የቁስል ኢንፌክሽን እንደሚገጥማቸው ገልጿል።

ለልዩነቱ ሁሉንም ጥፋት በሆስፒታል ንጽሕና ላይ መጣል ግን ትክክል አይሆንም። ቀዶ ሕክምና ራሱ በንጽሕና ደረጃ ይከፋፈላል። ቡአ ወይም እንቅርት በቀጠሮ ሲወጣ ምላጩ አንጀትን አይነካም፤ ንጹሕ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ይህ ነው። ትርፍ አንጀት ከመፈንዳቱ በፊት ከወጣ አደጋው መካከለኛ ነው። ከፈነዳ በኋላ ከሆነ ግን ሆዱ ሲከፈት መግሉ አስቀድሞ በውስጡ ተሰራጭቷል። የአንጀት መታጠፍም እንዲሁ ነው። አንጀቱ ደም ሳያጣ የደረሰ ታካሚ ያለ ቀዶ ሕክምና የመፈታት ዕድል ሊኖረው ይችላል፤ በሆድ መነፋትና በቁርጠት ሁለትና ሦስት ቀን በቤት የቆየው ግን የሞተ አንጀት ይዞ ይመጣል። ሐኪሙም ክፍሉም አንድ ቢሆኑ እንኳ የሁለቱ ታካሚዎች ውጤት አንድ አይሆንም። መዘግየቱ የሚጀምረው ደግሞ ከሐኪሙ ምላጭ በፊት ነው፦ በመንገድ እጦት፣ በአምቡላንስ ጥበቃ፣ በገንዘብ ፍለጋ፣ አንዳንዴም “ነገ ይሻለዋል” በሚል ተስፋ።

በሆስፒታሉ በኩል ያለው ድርሻም ትንሽ አይደለም፤ ከሁሉ የሚያስገርመውም የሰዓት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ዩታ ግዛት በ2 ሺህ 847 ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ይፋ ሆነ። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ የወሰዱት ታካሚዎች ቁስላቸው ያመረቀዘው በ0 ነጥብ 6 በመቶ ብቻ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይተው የወሰዱት 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ እጅግ ቀድመው የወሰዱት ደግሞ 3 ነጥብ 8 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። መድኃኒቱ ምላጩ ሲያርፍ በደም ውስጥ በበቂ መጠን መገኘት አለበት። ከብት ማሳ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚታጠር አጥር ሰብሉን አያድንም፤ ከወር በፊት ታጥሮ የፈረሰውም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ፣ ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ደግሞ ለመከላከል ተብሎ ብቻ ለቀናት እንዳይራዘም ይመክራል። ታካሚው “መድኃኒት ሳይታዘዝልኝ ወጣሁ” ብሎ ከመከፋቱ በፊት ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። ምርቀዛ ከሌለ በመርፌ ብዛት የሚገኝ ተጨማሪ ጥበቃ የለም።

ድርጅቱ በዚሁ መመሪያ ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሳሙና ገላውን እንዲታጠብ ይመክራል። የሚቆረጠውን ቦታ ጸጉር በምላጭ መላጨትን ግን አይደግፍም፤ ምላጭ በዐይን የማይታይ ጭረት ትቶ ስለሚያልፍ ነው። ለጥንቃቄ ብሎ በቤቱ ተላጭቶ የሚመጣ ታካሚ ሳያውቀው ራሱን ለአደጋ ያጋልጣል።

ቁስልን ከተሕዋስያን የመጠበቅ ዘዴ ታሪክ ለአርሶ አደር ቅርብ የሆነ ምዕራፍ አለው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገለጸው፣ ሐሳቡን ካገኘባቸው ነገሮች አንዱ የካርላይል ከተማ ፍሳሽ ነበር። በፍሳሹ ላይ ካርቦሊክ አሲድ ሲጨመርበት በዚያ ውኃ የሚጠጣው የግጦሽ መሬት ሽታው ጠፋ፤ በመስኩ የሚሰማሩትን ከብቶች የሚያጠቁ ጥገኛ ትሎችም እንደጠፉ ተነገረ። ሊስተር ይህንኑ ኬሚካል አጥንታቸው ቆዳ በስቶ በወጣ ታካሚዎች ቁስል ላይ ሞከረው። የከብት ግጦሽ ለቀዶ ሕክምና ክፍል መንገድ ከፈተ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ የሚፈተኑት ዘዴዎች ብዙዎቹ ውድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና ጋናን፣ ናይጄሪያን፣ ሩዋንዳን፣ ቤኒንን፣ ደቡብ አፍሪካን፣ ሕንድንና ሜክሲኮን ያካተተ ጥናት ቀላል ጥያቄ አነሣ፦ የሆድ ቁስል ከመሰፋቱ በፊት ሐኪሞች ጓንታቸውንና መሣሪያዎቻቸውን በንጹሕ ቢቀይሩስ? በ81 ሆስፒታሎች ከ13 ሺህ በላይ ታካሚዎች ተሳተፉበት። እንደወትሮው በተሠራበት ወገን ምርቀዛው 18 ነጥብ 9 በመቶ ሲሆን ቅያሬው በተደረገበት 16 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በሺህ ታካሚ ሲሰላ ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎችን ከምርቀዛ ማዳን ነው፤ ለዚያውም በአንድ ጥንድ ጓንትና በጥቂት መሣሪያዎች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የታተመ ሌላ ጥናት በአንጻሩ ዋጋው ከፍ ያለው ተሕዋስያንን የሚከላከል ክር ከተራው የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። ጥቂት ገንዘብ ላለው ሆስፒታል ይህኛው ውጤትም ከፊተኛው ያልተናነሰ ትርፍ ነው፤ በማይጠቅም ነገር ላይ ከመክሰር ያድነዋልና።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ጥረት ተደርጓል። “ክሊን ከት” የተሰኘው መርሐ ግብር በአምስት ሆስፒታሎች ሲተገበር አዲስ መሣሪያ ይዞ አልመጣም። የእጅና የቆዳ ንጽሕና፣ የመድኃኒቱ ሰዓት፣ የመሣሪያዎች መቀቀል፣ የጨርቅና የጋውን ይዞታ፣ የፋሻ ቆጠራ እና የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ በትክክል መሞላቱን ይከታተላል። በዚህ ብቻ የምርቀዛው መጠን በአንድ ሦስተኛ ያህል መቀነሱ ተረጋግጧል።

ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ጥበቃው ወደ ቤተሰቡ ይዞራል። ሕመሙ እየቀነሰ ሄዶ እንደገና ከባሰ፣ የቁስሉ ዙሪያ ካበጠ፣ ከጠጠረ ወይም ሲዳሰስ ከጋለ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ከወጣው፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ለነገ የሚባል አይደለም። በመጻሕፍት መጀመሪያ የሚጠቀሰው የቁስል መቅላት ነው፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጅ ጀርባ ሙቀቱን መዳሰስ የበለጠ ይታመናል። የዳሳሹ እጅ አስቀድሞ በሳሙና መታጠቡ ሳይረሳ።

በቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ቅጠል ወይም ዐመድ መጨመር ይቅር የሚባለው ባህልን ከመናቅ አይደለም። ንጹሕ ሆኖ የተሰፋ ቁስል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ገደማ ራሱን ይዘጋል፤ የሚጨመርበት ነገር ግን ተሕዋስያንን ይዞ ይገባል። በተለይ እበትና የበረት አፈር የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስያን መኖሪያ ናቸው። ከብት የሚያድርበት ቤት ከታካሚው መኝታ ጋር የተያያዘ ከሆነ ቢያንስ ለዚያ ወር መለየቱ ይመረጣል።

ሌላው ፈተና ሥራ ነው። የእርሻ ወቅት አይጠብቅም። ሆኖም ከቆዳው ሥር ያለው የሆድ ጡንቻ ከላይ እንደሚታየው ቶሎ አይጠነክርም፤ ሞፈር መግፋትና ማዳበሪያ መሸከም ለሳምንታት ሊከለከል ይችላል። ያመረቀዘ ቁስል በተለይ በኋላ በስፌቱ በኩል ቡአ የማስከተል ዕድሉ ከፍተኛ ነው። የሚሻለው ወደ ሆስፒታል ከመሄድ በፊት በደቦ ወይም በወንፈል የሚያርስ ሰው ማስማማት ነው፤ ሐኪሙንም “መቼ ማረስ እችላለሁ?” ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ነውር የለበትም። ምግቡን በተመለከተ ቁስል የሚጠገነው በገንቢ ምግብ ነው። እንቁላልና ወተት፣ በጾም ወቅትም ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ይህን ይሰጣሉ። ሲጋራ የሚያጨስ ማቆም፣ የስኳር ሕመም ያለበት መጠኑን መቆጣጠር ይኖርበታል።

መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያን ጉዳይ ደግሞ ከበረትም ይደርሳል። ከላይ የተጠቀሰው የ66 ሀገራት ጥናት፣ የልማት ደረጃቸው ዝቅተኛ በሆኑ ሀገራት በላቦራቶሪ ከተመረመሩት ምርቀዛዎች ከሦስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ለመከላከያ የተሰጠውን መድኃኒት የተቋቋሙ መሆናቸውን አሳይቷል። ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚገዛ እንክብል፣ ሲሻል የሚቋረጥ መድኃኒት፣ ለከብት ያለ እንስሳት ሐኪም የሚወጋ ኦክሲቴትራሳይክሊን ለዚህ መላመድ በር ይከፍታሉ።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው ወረቀት ከመታወቂያ እኩል ሊያዝ ይገባል። ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደተደረገ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጠና ስፌቱ መቼ እንደሚወጣ የሚነግረው እሱ ነው፤ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ የጀመረውን ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ሳይጠይቅ የሚያክመውም በዚያ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ታካሚ የአባልነት መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን አብሮ ቢይዝ ቁስሉ ቢያስቸግረው በወጪ ሥጋት ሳይዘገይ ይመለሳል። ከመውጣቱ በፊትም የሚደውልበትን ስልክ ቁጥር ከነርሷ ተቀብሎ በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ቢያስጽፍ በስምንተኛው ቀን ሌሊት ትኩሳት ሲነሣ ቤተሰቡ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል።