ልጁ ረሺ ነው ወይስ ቃሉ ረጅም?

ስልክ ቁጥር ተነግሯችሁ እስክትጽፉት ድረስ በልባችሁ ትደጋግሙት የለም? ይህን ለጥቂት ሰከንድ የመያዝ ችሎታ ባለሙያዎች «የሥራ ትውስታ» ይሉታል።

በአሜሪካ ቤቱ ስፓኒሽ፣ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ የሆነ ልጅ ቁጥር እየሰማ እንዲደግም ሲፈተን፣ በስፓኒሽ ጥቂት ብቻ ብሎ ሊያቆም ይችላል። «አእምሮው ደካማ ነው» ለማለት አትቸኩሉ! እስቲ ድምፅ አውጥታችሁ ቁጠሩ። ዋን፣ ፎር፣ ፋይቭ አጫጭር ናቸው፤ ኡኖ፣ ኳትሮ፣ ሲንኮ ግን ሁለት ሁለት ክፍለ ቃል አላቸው። ቃሉ ሲረዝም መደጋገሙ ጊዜ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ የፊተኛው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በዕብራይስጥና በዐረብኛ ተናጋሪዎች ላይ የወጣ ጥናትም የቁጥሮቹ ስም ባጠረበት ቋንቋ ሰዎች ብዙ ቁጥር እንደሚይዙ አሳይቷል።

ሁለት ቋንቋ አእምሮን ይስላል የሚባለው ተመራማሪዎችን ዛሬም ያከራክራል። ለእኔ ልጁ ከአያቱ ጋር መጫወቱ ይበቃኛል።

የእኛም ሁለት፣ አራት፣ ሰባት አጭር አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ በአንድ ቋንቋ ብቻ ተፈትኖ «ችግር አለበት» ቢባል፣ የቤቱን ቋንቋ ከመተዋችሁ በፊት በሁለቱም እንዲፈተን ጠይቁ።