የወረታ ከተማ የሕዝብ ብዛትና ጠባይ

ዕቃውን ወደ አንድ ከተማ ለመላክ ያሰበ ነጋዴ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው የሕዝቡ ብዛት፥ ሁለተኛው የከተማው ጠባይ ነው። ብዛቱ ከቆጠራ መዝገብ ይገኛል፤ ጠባዩ ግን፥ ይኸውም ገንዘብ በየትኛው ወር ገብቶ በየትኛው ወር እንደሚያልቅ፥ ሕዝቡ ምን ሸጦ ምን እንደሚገዛ፥ መንገዱስ መቼ እንደሚያስቸግር፥ በመዝገብ ተጽፎ አይገኝም። ይህን ሳይመረምር ዕቃ የሚልክ ሰው በሐምሌ ያልተሸጠለትን ዕቃ በታኅሣሥ አጥቶ ሲቆጭ ይታያል። በደቡብ ጎንደር የምትገኘው ወረታ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ናት።

የከተማዪቱ አቀማመጥ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ወረታን ያገኛል። ከተማዪቱ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ በተዘረጋው በፎገራ ሜዳ ዳር፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በደቡቧ የጉማራ ወንዝ፥ በሰሜኗ የርብ ወንዝ ከጉና ተራራ አፈር እየጠረጉ ወርደው ወደ ጣና ይገባሉ። የሜዳው ጥቁር አፈር ከዚህ የተገኘ ሀብት ነው።

ወረታን የመንገድ መገናኛ ያደረጋት ግን ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው ጐዳና ነው። በደብረ ታቦርና በጋይንት አልፎ እስከ ወልድያ የሚደርሰው ይህ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1967 እስከ 1975 ዓ.ም. ድረስ በቻይናውያን ርዳታ የተሠራ ነው። ከአፋር ወደ ወልድያ የሚወጣ የወደብ ዕቃ በአዲስ አበባ ሳይዞር ወደ ጎንደርና ወደ ባሕር ዳር ሊደርስ የሚችለው በዚሁ መንገድ ነው። በወረታ ደረቅ ወደብ የተሠራበትም ምክንያት ከዚሁ የተነሣ ነው።

የሕዝቡ ብዛት

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የፎገራ ወረዳ ጠቅላላ ሕዝብ 228,449 ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 25,190 ነበር። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተደረገ በኋላ የሚነገሩት ቁጥሮች ሁሉ ግምት ናቸው። ከተማዪቱ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ሰፋች ማንም መንገደኛ ያየዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባው ምጣኔው ነው። በዚያ ቆጠራ መሠረት ለአንድ የከተማ ነዋሪ ስምንት የገጠር ነዋሪ ይደርሰዋል። ስለዚህ የወረታ ሱቅ ደንበኛ በጎረቤት ያለው ቤተ ሰብ ብቻ አይደለም፤ አህያ ጭኖ ከሜዳው የሚመጣው ገበሬም ነው። በዚህ ላይ ከደራ፥ ከሊቦ ከምከምና ከፋርጣ የሚመጣው ገበያተኛ ይጨመራል። የከተማውን ነዋሪ ብቻ ቆጥሮ ዕቃ የሚያመጣ ሰው ከገበያው ጥቂቱን ብቻ ቆጠረ ማለት ነው።

ሩዝ የለወጠው ጠባይ

ፎገራ ከጥንት የታወቀችው በከብቷ ነው። በወተቷና በግዝፈቷ የምትመሰገነው የፎገራ ላም በእርጥቡ ሜዳ ላይ የኖረች ናት። ክረምት በመጣ ጊዜ ውሃ የሚተኛበት መሬት ለሣር እንጂ ለጤፍ አይመችም ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት ግን ከሰሜን ኮርያ የመጡ የእርሻ ባለሙያዎች በጅግና እና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሩዝን አስተዋወቁ። ኤክስ ጅግና የሚባለውም ዘር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ቀድሞ ጉዳት ተብሎ ይቈጠር የነበረው ውሃ ለሩዝ በረከት ሆነ። ዛሬ ፎገራ በሩዝ ምርት በአገሪቱ ስሟ በቀዳሚነት የሚጠራ ሲሆን፥ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከልም በዚያው ይገኛል።

ይህ ለውጥ ጥቅሙን ከነዋጋው አምጥቷል። የግጦሽ መሬት በመታረሱ ከብቱ ጠብቧል፤ ገበሬውም በሩዝ ጭድ ከብቱን ለመያዝ ተገዷል። በሌላ ወገን በከተማዪቱ የሩዝ መፈልፈያዎች በዝተዋል፤ በእነርሱም ዙሪያ ደላላ፥ ሚዛን ያዥ፥ ጫኝና አውራጅ፥ የጆንያ ሻጭ ይኖራል። ሩዙም ከጤፍ ጋራ ተደባልቆ ለእንጀራ ይሆናል፤ ለጠላና ለአረቄም ይውላል።

የገንዘቡ ወራት

ሩዝ በሰኔ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ከሐምሌ ጀምሮ ያለው የአረም ጊዜ ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ከደጋው የቀን ሠራተኛ ወደ ሜዳው ይወርዳል። በዚህ ወቅት ገበሬው ገንዘብ ያወጣል እንጂ አያገባም፤ ዱቤ የሚበዛውም ያን ጊዜ ነው። የሚሸጠውም ዕቃ ጨው፥ ሳሙና፥ የላስቲክ ጫማና የመሳሰለው የግድ ዕቃ ነው።

አጨዳው ካለፈ በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ሩዙ ሲሸጥ ዕዳ ይከፈላል፤ በጥር ሠርግ ስለሚበዛ ልብስ፥ የቤት ዕቃና ቆርቆሮ ይፈለጋል። ከዚያም በአፈሩ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይበቅላሉ፤ በወንዞቹ ዳር በመሳቢያ ሞተር የሚጠጣው ሽንኩርትም በበጋው ለገበያ ይቀርባል። ሽንኩርት ቶሎ የሚበላሽ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ ብዙ ገብቶ ዋጋው ሲወድቅ የገበሬው ኪስ ወዲያው ይሳሳል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ቅቤና ሥጋ ቀርተው ዘይትና ሽሮ ይፈለጋሉ።

በሩዝ አገር የሚሸጥ የውጭ ሩዝ

ወረታ ሩዝ እያበቀለች ከሕንድና ከሌሎች የእስያ አገሮች የመጣ ሩዝ በየከተማው መሸጡ ብዙውን ሰው ያስገርማል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ምርቱ የአገሩን ፍላጎት ስለማይሞላ አንዱ ይህ ነው፤ ሁለተኛው ጥራት ነው። ሩዙ በመሬት ላይ ሲደርቅ ጠጠር ይገባበታል፤ ልዩ ልዩ ዘር ይደባለቃል፤ እርጥበቱ ሳይለካ ሲፈለፈልም ይሰባበራል። በደንብ ከደረቀና በመልካም መፈልፈያ ከወጣ ከ100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ 65 እስከ 70 ኪሎ ያህል ነጭ ሩዝ ይገኛል፤ ቀሪው ቅርፊትና ለከብት መኖ የሚሆን ፉርሽካ ነው። ስብርባሪው በበዛ ቁጥር የነጋዴው ትርፍ ከመፈልፈያው ሥር ይቀራል።

በዚህ ረገድ ከኢጣልያ የሚገኝ ትምህርት አለ። ታላቂቱ ከተማ ሚላኖ ያለችበት የፖ ወንዝ ሜዳ በአውሮፓ ከሁሉ የበለጠ ሩዝ የሚገኝበት ነው። በዚያም እንደ ፎገራ በአረም ጊዜ ከሩቅ ሠራተኞች፥ ይልቁንም ሴቶች፥ ይመጡ ነበር። ከሚላኖ በስተ ምዕራብ ባለችው በቬርቼሊ የሩዝ ገበያ ግን እያንዳንዱ ዘር በየስሙ ተለይቶ ዋጋ ይወጣለታል። ገዢው ምን እንደሚገዛ፥ ሻጩም ለድካሙ ምን እንደሚያገኝ ያውቃል። በወረታ ንጹሑም ድብልቁም በአንድ ዋጋ የሚገዛ ከሆነ ገበሬው ሸራ ገዝቶ በላዩ ለማድረቅ ምን ያተጋዋል?

ሊታሰብባቸው የሚገቡ አደጋዎች

ሜዳውን ያበለጸገው ውሃ ያጠፋውማል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዞቹ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ስለዚህ በክረምት መጋዘን የሚይዝ ሰው ዕቃውን ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይገባዋል። ሌላው የመንገድ ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዶች በየጊዜው እየተዘጉ ነጋዴውንና ገበሬውን ጎድተዋል። የመገናኛ ከተማ ኑሮ በመንገድ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ጉዳቱ በወረታ ይከብዳል።

እንግዲህ ከወረታ ጋራ ለመነገድ የሚያስብ አስመጪ የክረምት ዕቃውን በትንሽ በትንሹ፥ የበጋ ዕቃውን ግን ከኅዳር በፊት ቢያደርስ ይጠቀማል። ባለ ሱቅም ዱቤውን በአጨዳው ልክ ይወስን። የአገር ውስጥ ሩዝ ገዢ ደግሞ ለደረቀ፥ ጠጠር ለሌለውና ዘሩ ላልተደባለቀ ሩዝ የተለየ ዋጋ መክፈል ይጀምር። ይህ ብልጫ በገበሬው ዘንድ በታወቀ ጊዜ ጥራቱ ያለ ምክር ይከተላል፤ ዛሬ ለውጭ ሩዝ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪም በዚያው ልክ ይቀንሳል።