የወጋው ሲፈታ ለተወጋው ማን ይነግረዋል?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለውን ምሳሌ ያልሰማ ሰው በአገራችን አይገኝም። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ስለ ቂም ብቻ አይመስለንም። የተጎዳ ሰው ጠባሳውን ባየ ቁጥር የጎዳው ሰው አሁን የት እንዳለና ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ማሰቡ የማይቀር ነው ማለታቸውም ጭምር ነው። ዛሬ ለእሑድ አንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ጉዳይ ከዚሁ ምሳሌ የሚነሣ ነው። ወንጀለኛ ሲያዝ ብዙ ሰው ያያል፤ ሲፈረድበትም ፍርዱ በችሎት ይነበባል። የወህኒ ቤቱ በር ተከፍቶ ሲወጣ ግን ለተበዳዩ የሚነግረው ማን ነው?

ነገሩን በሩቅ አገር በደረሰ ታሪክ እንጀምር። በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ስቴት፣ ሉዊቪል የምትባል ከተማ አለች። ሜሪ ባይረን የተባለች ወጣት በዚህች ከተማ ትሠራ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. የቀድሞ ጓደኛዋ በኃይል ደፍሯታል ተብሎ ተይዞ ታሰረ። ጥቂት ቆይቶ ግን የዋስትና ገንዘብ ተከፍሎለት ወጣ። መውጣቱን የወህኒ ቤቱ ጸሐፊ ያውቃል፤ ገንዘቡን የከፈለው ሰው ያውቃል፤ ተከሳሹም ያውቃል። ከሁሉም ይልቅ ማወቅ የሚገባት እርሷ ግን አላወቀችም። ዲሴምበር 6 ቀን 1993 ዓ.ም. የሃያ አንደኛ ዓመት ልደቷ ነበር። በዚያ ቀን ከሥራ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠች ሰውዬው መጥቶ በጥይት ገደላት።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው በዋስ የለቀቀውን ዳኛ ይሆናል። እኛ ግን ነገሩን ረጋ ብለን ብንመለከተው ይሻላል እንላለን። ገና ያልተፈረደበት ሰው በዋስ የመለቀቅ መብት እንዳለው በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 ተቀብሎታል። ስለዚህ ትልቁ ጥፋት በሩ መከፈቱ ሳይሆን ሲከፈት ዝም መባሉ ነው። አንድ የስልክ ጥሪ ደርሷት ቢሆን ኖሮ ያችን ሌሊት ዘመድ ቤት ማደር፣ ከሥራ የምትወጣበትን ሰዓት መለወጥ፣ ወይም ሰው ይሸኘኝ ማለት ትችል ነበር። ዝምታው ግን ይህን ሁሉ ዕድል ነፈጋት።

የከተማዋ ሰዎች በሐዘን ብቻ አልተቀመጡም። ልጅቱ በሞተች በዓመቱ፣ በዲሴምበር 1994 ዓ.ም.፣ ሉዊቪል የምትገኝበት ጄፈርሰን ካውንቲ የተባለው አውራጃ ቫይን በሚል አጭር ስም የታወቀውን አገልግሎት ጀመረ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። የወህኒ ቤቱ መዝገብ በኮምፒዩተር ተይዟል፤ አዲስ ነገር ሲመዘገብ መረጃው ወደ አንድ ማዕከል ይተላለፋል። ተበዳዩ አስቀድሞ የስልክ ቁጥሩን አስመዝግቦ ለራሱ ምስጢራዊ ቁጥር ይይዛል። እስረኛው ሲለቀቅ ወይም ሲያመልጥ፣ ወይም ወደ ሌላ እስር ቤት ሲዛወር መሣሪያው ይደውላል። የተነሣው ስልክ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ስለሚችል ምስጢራዊው ቁጥር እስኪነካለት ድረስ ደጋግሞ ይደውላል። ይህ አገልግሎት ዛሬ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ስቴቶች ይሠራበታል፤ ከስልክ ጥሪ በተጨማሪም በእጅ ስልክ መልእክትና በኢሜይል ይነገራል።

ይሁን እንጂ መሣሪያ የሚናገረው የተነገረውን ብቻ ነው። ጸሐፊው መፍቻውን ጽፎ ሳያስገባ ሻይ ሊጠጣ ቢወጣ፣ እስረኛው ከጥሪው ቀድሞ ከተበዳዩ ደጅ ሊደርስ ይችላል። ተበዳዩ ስልክ ለውጦ ሳያስመዘግብ ቢቀር ደግሞ ጥሪው ሜዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ የሰውን ኃላፊነት ያፈጥነዋል እንጂ አይተካውም።

በካሊፎርኒያ የደረሰውም ከዚህ የማይለይ ነው። በ1983 ዓ.ም. ማርሲ የምትባል ተማሪ ተገደለች። ከሳምንት በኋላ እናቷ ከመቃብሯ ስትመለስ ወደ አንድ ሱቅ ብትገባ፣ ልጇን በመግደል የተከሰሰው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ አገኘችው። በዋስ መለቀቁን የነገራት አልነበረም። የስቴቱ ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ድምፁን ሰጥቶ የተበዳዮችን መብት በሕገ መንግሥቱ ሲያስገባ ሕጉ በዚህች ልጅ ስም ተጠራ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ እስረኛ ሲለቀቅ ወይም ሲያመልጥ ተበዳዩ ሳይዘገይ እንዲነገረው የመጠየቅ ዕድል ሊሰጠው ይገባል ብሏል። በዚሁ መመሪያ «አይነገረኝ» የሚል ተበዳይ ቢኖርም ፈቃዱ ይጠበቅለታል፤ ጠባሳውን መልሶ መንካት የማይፈልግ አለና።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ ዋስትና ሲደነግግ ተበዳዩን አልረሳውም። የተጎዳው ሰው ሊሞት ይችላል የሚያሰኝ ሁኔታ ካለ ተከሳሹ በዋስ እንዳይለቀቅ አዟል። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 202 በአመክሮ ስለ መፈታት ሲናገር፣ ፍርደኛው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን መፈጸሙና መልካም ጠባይ ማሳየቱ ብቻ አይበቃም፤ በተቻለው መጠን ያደረሰውን ጉዳት መካስ አለበት ይላል። እንግዲህ ሕጋችን ተበዳዩን በሚዛኑ ላይ ካስቀመጠው፣ የሚዛኑን ውጤት ለእርሱ መንገር እንግዳ ነገር አይሆንም።

በበዓላት ዋዜማ የይቅርታ ዜና ሲነበብ አንባቢያችን ሰምቶ ይሆናል። ይህን ያህል መቶ ወይም ይህን ያህል ሺህ ታራሚዎች ተፈቱ ይባላል። ለብዙ ቤተ ሰብ የምሥራች ነው፤ እኛም አብረን ደስ ይለናል። ነገር ግን የሚነገረው ቁጥር ነው። ቡና አቅርባ ራዲዮ የምታዳምጥ አንዲት ሴት «ከእነዚህ ውስጥ እርሱ ይኖርበት ይሆን?» ብላ ስትጨነቅ ቁጥሩ መልስ አይሰጣትም። መልሱን የምታገኘው ከወዲያኛው ሰፈር እልልታ ሲሰማ፣ አለዚያም በገበያ መንገድ ላይ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ደም ያለበት አገር ነው፤ ነፍሰ ገዳይ የሚፈታበትን ቀን ለሟች ወንድም ብትነግሩት ጠመንጃውን ወልውሎ መንገድ ላይ አይጠብቀውም ወይ?» የሚል ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ በደም መላሽ እጅ የወደቀ ሰው ታሪክ ብዙ ነው። የአውሮፓው መመሪያም ይህን አስቦ፣ ማስታወቁ በወንጀለኛው ላይ ተለይቶ የታወቀ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ እንዲቀር ፈቅዷል። እኛ ግን ከዚህ በፊት መሠራት ያለበት ሥራ አለ እንላለን። ዝምታ ደም መላሹን አያስቀረውም፤ ዜናውን ዛሬ ባይሰማ ነገ በወሬ ይሰማዋል፤ በወሬ የሰማው ደግሞ ይበልጥ ያበግነዋል። ሽማግሌዎች ቀድመው ገብተው ስለ ካሣና ስለ እርቅ ከተነጋገሩ በኋላ የመፈቻው ቀን ቢነገር ግን ወሬው የጠብ መነሻ መሆኑ ቀርቶ የእርቁ መደምደሚያ ሊሆን ይችላል።

ደግሞስ ከባድ ወሬ በጥንቃቄ መንገር ለእኛ አዲስ ትምህርት ነው? መርዶ ስንነግር እንዴት እንደምንጠነቀቅ እናስታውስ። ወሬው ለባለቤቱ በሜዳ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፤ የሚናገረው ሰው ይመረጣል፤ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ተሰብስቦ ይኬዳል፤ ባለ ሐዘኑ ሲወድቅ የሚደግፈው እጅ አስቀድሞ ይዘጋጃል። የሞተውን ለመንገር ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ያለው ሰው እንዳይሞት ለመንገር ይህን ያህል ብንጠነቀቅ ምን ይበዛበታል?

ለዚህ ሥራ የግድ የሉዊቪል ዓይነት ኮምፒዩተር እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም። በእስረኛው መዝገብ ላይ የተበዳዩ ስምና ስልክ የሚጻፍበት፣ ለእስረኛውና ለዘመዶቹም የማይታይ አንድ ገጽ ይኑር። መፍቻው ከመፈረሙ በፊት «ለተበዳይ ተነግሯል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይጠየቅ። ስልክ የሌለው ተበዳይ ቢሆን በቀበሌው በኩል የሚደርሰው አንድ የታመነ ሰው ይመደብ። ወጪው ከአንድ መዝገብና ከአንድ ትጉህ ጸሐፊ አያልፍም።

ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ወጥቶ ሠርቶ ይብላ፤ ከልጆቹም ጋር ይኑር፤ ይህ መብቱ ነው። የተወጋው ደግሞ በሩን ከፍቶ ከመውጣቱ በፊት በውጭ ማን እንዳለ ይወቅ። ሁለቱም በአንድ መንገድ የሚሄዱ የአንድ አገር ልጆች ናቸውና።