ገብረክርስቶስ ወይስ ፀጋዬ?

ኡራኤል ሰፈር ውስጥ የእኛን እድሜ ልጆች ከኳስ ቀጥሎ የሚያከራክረን ጥያቄ ይሄ ነው፦ ገብረክርስቶስ ደስታ ወይስ ሎሬት ፀጋዬ ገብረመድኅን?

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ ልዩነታቸው ለእኔ የሚታየኝ በቃላት አወጣጣቸው ነው። ገብረክርስቶስ ቆጣቢ ነው። በ1924 ዓ.ም. ሐረር ተወልዶ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሥዕል የተማረ ሠዓሊ ነው፤ ግጥሙንም እንደ ሥዕሉ ነው የሚሠራው። አንዳንዴ ስንኙን አጭር አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ቤት መምታቱንም ይተወዋል። ፀጋዬ ግን ቃል አይሰስትም። በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ይህ የቴአትር ሰው «የፀጋዬ ቤት» እየተባለ የሚጠራውን ረዘም ያለ ስንኝ አምጥቶልናል። በ1966 ዓ.ም. የታተመውን «እሳት ወይ አበባ» በልባችሁ ብታነቡት ግማሹ ያመልጣችኋል፤ ድምፅ ይፈልጋል፣ ትንፋሽ ይፈልጋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መዝሙር ግጥምም የእሱ ነው። ድርጅቱ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት አፍሪካ አዳራሽ ደግሞ ከሰፈራችን በእግር የሚደረስ ነው።

ሕይወታቸው ግን መጨረሻው ላይ ይገናኛል። ሁለቱም ስለ ሀገር ጽፈው፣ ሁለቱም አሜሪካ ሞቱ። ገብረክርስቶስ በደርግ ዘመን ተሰዶ በ1973 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ፣ ሃምሳ ዓመት ገደማው ላይ አረፈ። ፀጋዬ ለኩላሊት ሕክምና ሄዶ በ1998 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ አረፈ። የፀጋዬ አስከሬን መጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። «ሀገሬ»ን የጻፈው ገብረክርስቶስ እዚያው ቀረ። የእንግሊዝ ሮማንቲክ ገጣሚዎችም እንዲሁ ናቸው፦ ባይረን ግሪክ ሞቶ አስከሬኑ ለሀገሩ በቃ፤ በ25 ዓመቱ የሞተው ኪትስ ግን እስከዛሬ ሮም ነው።

ይሄ የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንድ የሰፈራችን ልጅ አሁን ዱባይ ነው ያለው። እዚህ እያለ የፀጋዬ ቀንደኛ ደጋፊ ነበር፣ ማንንም አያስወራም። ሰሞኑን በቴሌግራም «ሀገሬን አንብበህ በድምፅ ላክልኝ» አለኝ።

«ፀጋዬን ተውከው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት።

«አልተውኩትም» አለኝ። «ፀጋዬን ለማንበብ ጮክ ማለት ያስፈልጋል። እኛ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ነው የምናድረው፤ ሁሉም በፈረቃ ነው የሚተኛው። ገብረክርስቶስን ግን በጆሮ ማዳመጫ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜም እሰማዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ «ማን ይበልጣል?» ሲሉኝ መልሴ «የት ሆነህ ነው የምታነበው?» ሆኗል። ጮክ ማለት የምትችሉበት ቤት ያላችሁ ግን ዛሬ ማታ ፀጋዬን አንብቡት።